በባቡር አገርን ለማየት ስለ ታሰበ ጉዞ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በታይዋን ሠፈር ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እኛ የታይዋን ልጆች ነን። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በመካከላችን ቢኖር እንዳይሳሳት፣ ታይዋን ስንል በሩቅ ምሥራቅ ባሕር ውስጥ ያለችውን ደሴት ማለታችን አይደለም፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ጫማውን፣ ጨርቁንና ሬዲዮኑን ዘርግተው የሚሸጡበትን የድሬዳዋን ገበያ ነው። ዛሬ የምናቀርበው ነገር በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በባቡር ተሳፍረን አገራችንን ለማየት ስላሰብነው ጉዞ ነው። ሐሳቡ ገና ሐሳብ ነው፤ ወላጆቻችን ካልፈቀዱ የትም አንሄድም። ስለዚህ ንግግራችን በከፊል ልመና መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን።

ለመሆኑ አውቶቡስ እያለ ባቡር ለምን አስፈለገ? ይህን የጠየቁን ብዙዎች ናቸው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር። ነገር ግን ተራራውን መውጣት አስቸጋሪና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ፤ በተራራው ግርጌም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ያም ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለው ድሬዳዋ ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ አዲስ አበባ የተደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ለብዙ ዘመን ባቡሩ የሚያበቃው በእኛ ደጅ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ መንገደኛው በበቅሎና በግመል ይቀጥል ነበር ማለት ነው።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሁላችንም ተምረነዋል። ነገር ግን በባቡር የሄደ እጁን ያውጣ ሲባል ያወጡት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እናቶቻችን ግን ይበልጡናል። በአሮጌው ባቡር እስከ ደወሌ እየተመላለሱ የነገዱ፣ በየትኛው ጣቢያ ውሃ እንደሚገኝና በየትኛው ፉርጎ ቦታ እንደሚሰፋ እስከ ዛሬ በቃላቸው የሚያውቁ አሉ። ዛሬም ባቡር አይሉም፤ ሸመንደፈር ነው የሚሉት። ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ፈረንሳይኛ ተናገሩ ብለን እንቀልድባቸዋለን።

አሁን ወደ ጉዞው እንግባ። በመጀመሪያ ማወቅ የሚያስፈልገው፣ የእናቶቻችን ባቡርና የዛሬው ባቡር አንድ አለመሆናቸውን ነው። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ክፍል በ2000 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎቱን አቁሟል። አዲሱ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የቻይና ኩባንያዎች ሠርተውት በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚህም በላይ ጣቢያዎቹ በከተማ መካከል አይደሉም። የእኛው ከከተማው ውጭ ነው፤ የአዲስ አበባው ለገሃር ሳይሆን ፉሪ ለቡ ነው። ይህ ለአሳቢ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ባቡር ውስጥ የሚያርፍ መንገደኛ ሁሉ ከባቡር ሲወርድ ሌላ መኪና ፈልጎ ሌላ ገንዘብ ይከፍላልና። በበጀታችን ላይ የባቡሩን ዋጋ ብቻ የጻፈ ጓደኛችን ነበረ፤ እናቱ አይታ «ጣቢያው ድረስ በክንፍ ነው የምትሄዱት?» አለችው።

ሁለተኛው ነገር ቀኑ ነው። በጃፓን ወይም በስዊስ አገር ሰው በአንዱ ከተማ ወርዶ ጥቂት ዞር ዞር ብሎ በሚቀጥለው ባቡር ይሄዳል፤ ባቡሩ በየሰዓቱ አለና። በእኛ መሥመር ግን የተለመደው፣ የመንገደኛው ባቡር አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ በማግሥቱ ወደ ጅቡቲ መውረዱ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ በአንድ ከተማ የወረደ ሰው ሁለት ቀን ካልጠበቀ ወደ ፊት የሚወስደው ባቡር አያገኝም። መጀመሪያ ይህን ስንሰማ ጉዞው የተበላሸ መሰለን። በኋላ ግን አንድ መምህራችን እንዲህ አሉን፤ «ለማየት የምትሄዱ ከሆነ መጠበቁ ራሱ ማየት ነው። ፕሮግራማችሁን ከባቡሩ ቀን ጀምራችሁ ጻፉ።» እኛም የምንፈልጋቸውን ከተሞች ዝርዝር ቀደን ጣልንና የባቡሩን ቀን በሰሌዳ ላይ ጽፈን እንደ ገና ጀመርን።

የወጣው ፕሮግራም ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከዚህ ተነሥተን አዳማ እንወርዳለን። እዚያ ሁለት ሌሊት እናድራለን። በሦስተኛው ቀን ጧት አዳማን ዞረን እናያለን፤ ከዚህ የሚነሣው ባቡር በዚያ ሲያልፍ ተሳፍረን ፉሪ ለቡ እንደርሳለን። በአዲስ አበባ ሦስት ሌሊት አድረን በስድስተኛው ቀን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። አምስት ሌሊት ነው። ባቡሩ ቀኑን ቢለውጥ ፕሮግራሙም ይለወጣል፤ ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችን በፊት ጣቢያው ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው እንልካለን። የመንገደኛው ባቡር በየጣቢያው ሁሉ ስለማይቆም ይህንንም ይጠይቃል። በአዳማ የሚወርድ ሰው ሁለት ቲኬት እንደሚያስፈልገው፣ ሁለተኛውንም አስቀድሞ ካልያዘ ባቡሩ ሞልቶ ሊደርስበት እንደሚችል አትርሱ። መኝታ ያላቸው ፉርጎዎች አሉ፤ የእኛ ጉዞ የቀን ስለሆነ ግን መቀመጫ ይበቃናል።

በሁለተኛው ቀን የት እንሂድ በሚለው ነገር ብዙ ተከራክረናል። ግማሾቻችን ሶደሬ ፍል ውሃ አልን፤ ግማሾቻችን ቢሾፍቱ። ያሸነፈው ቢሾፍቱ ነው፤ በእኛም አስተያየት በሚገባ ነው ያሸነፈው። ፍል ውሃ ያማረው ሰው እዚሁ አጠገባችን ኤረር አለለት። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ግን በድሬዳዋ የለም። ቢሾፍቱ ሆራን፣ ባቦጋያንና ሌሎችንም በአንድ ከተማ ይዛለች፤ ከአዳማም ሩቅ አይደለችም። በመኪና ሄደን ማታ እንመለሳለን።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ናት። ባቡሩ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሰው የሚወጣ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በአዋሽ አካባቢ ከእኛ በታች ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው አዳማን አልፎ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣው። ቆላ ለብሶ የተነሣ ፉሪ ላይ ይንቀጠቀጣልና ጋቢ ያዙ። በመተሐራ የፈንታሌ ተራራና የበሰቃ ሐይቅ ይታያሉ። ይህ ሐይቅ በሕይወት ባሉ ሰዎች ዘመን እጅግ እየሰፋ ሄዶ መንገዱንና ሐዲዱን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ የሆነበት ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን መስኮቱን ለዚህ ሐይቅ ብቻ እንድንከፍት የፈለጉ ይመስላል። አዋሽ ሰባት በአሮጌው ባቡር ጊዜ መንገደኛ ወርዶ ምሳ የሚበላባት ነበረች፤ ቡፌውን በፎቶግራፍ አይተነዋል። የእኛ ምሳ ግን ከታይዋን በፌስታል የተቋጠረ ዳቦና ሙዝ ይሆናል።

ስለ አዲስ አበባ ብዙ አንናገርም፤ ሁሉ የየራሱን ፍላጎት ይዞ ይሄዳል። የጋራ ያደረግነው ሦስት ነገር ነው፤ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያና በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ። ወደ ለገሃር የምንሄደው በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር ነው። ከድሬዳዋ የተነሣ ሐዲድ የት ደርሶ እንደ ነበር ቆመን ማየት እንፈልጋለን።

አሁን ወላጆቻችንን ስለሚያሳስበው ነገር። በመንገዱ ላይ ከብትና ግመል ወደ ሐዲዱ ስለሚገባ ባቡሩ ሊዘገይ ይችላል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም እንዲሁ። ስለዚህ ማታ ደርሰን በጣቢያ እንዳንቀር የሚቀበለን መኪና አስቀድሞ ይያዛል። የመንገዱን ጸጥታ በሚመለከት ከመነሣታችን በፊት የሚመለከታቸውን እንጠይቃለን፤ አትሂዱ ከተባልን ወደ ሌላ ዕረፍት እናዛውረዋለን። ከእኛ ጋር ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች መምህራን ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ተማሪም የትምህርት ቤቱን መታወቂያ ይይዛል።

ገንዘቡን በዕቁብ እንሰብስብ ያልን ነበርን። በታይዋን ያሉ እናቶቻችን ሳቁብን። ዕቁብ ለአንዱ ዛሬ ለሌላው ከርሞ ይደርሳል፤ ባቡር ግን ሁላችሁንም በአንድ ቀን ነው የሚጭነው አሉን። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በመምህር እጅ የሚቀመጥ ሣጥን አድርገናል፤ በየሳምንቱ የቻለ የቻለውን ይከታል፤ ማን ስንት እንደ ከተተ ለማንም አይነገርም። ሣጥኑ ሲከፈት ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ የአዲስ አበባውን አንድ ሌሊት ወይም ሌላ ነገር እንቀንሳለን እንጂ ጓደኛ አንቀንስም። በዚህ ላይ ተስማምተን ፈርመናል።

ያልተፈታው አንድ ነገር በአዳማ ለሁለት ሌሊት የሴቶች ልጆች ማደሪያ ነው። ሆቴል ለመያዝ ገንዘባችን አይፈቅድም፤ ርእሰ መምህራችን በዚያ ላለ ትምህርት ቤት ደብዳቤ እንደሚጽፉልን ቃል ገብተውልናል። በአዳማ ዘመድ ወይም የታመነ ወዳጅ ያላችሁ ወላጆች ብትኖሩ ከአዳራሹ ስትወጡ በበሩ አጠገብ መዝገብ ይዛ የቆመች ጓደኛችን አለች፤ ስማችሁን ብታስመዘግቡላት በዚህ ሳምንት ውስጥ ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን።