አሮጌ መኪናን ከሌባ ስለ መጠበቅ
(በአዲሎ ከተማ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)




ርእሱ እንደ ተነገረኝ ወደ ሐሳቤ የመጣው በጋራዥ ደጅ ዘወትር የምንሰማው አንድ አነጋገር ነው። መኪናውን ሳይቆልፍ ወርዶ የሚሄድ ባለቤት «ኧረ ይቆልፉት እንጂ» ሲባል፣ «ይህን አሮጌ ማን ይሰርቀዋል?» ብሎ ስቆ ያልፋል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

በሌላው ዓለም መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ዋጋው እየወረደ ሄዶ በመጨረሻ ለብረት ማቅለጫ ይሰጣል። በእኛ አገር ግን እንደዚያ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ወደ አገር ሲገባ ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። የእነዚህን እርምጃዎች ጥቅምና ጉዳት መመርመር የዛሬው ሥራችን አይደለም። ለርእሳችን የሚጠቅመው ውጤታቸው ነው፤ ይኸውም ቀድሞውኑ ውድ የነበረው አሮጌ መኪና እጅግ ውድ መሆኑ ነው። መኪናው ውድ ከሆነ አካሉም ውድ ነው። ዛሬ የአንድ አሮጌ ኮሮላ በር፣ መብራት፣ ስፖኪዮ ወይም ካምቢዮ ፈላጊው ብዙ፣ አቅራቢው ጥቂት ሆኗል። ባለቤቱ «አሮጌ» ብሎ የናቀውን ሌባው ዋጋውን አስልቶ ያየዋል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ለጉዳዩ ሌላ ክብደት የሚሰጠው ነገር አለ። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾና ከዚሁ ከአዲሎ ዙሪያ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ተሰደደ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ብዙው አሮጌ መኪና የተገዛው ወንድም ወይም ልጅ በባዕድ አገር ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ነፍሱን ለአደጋ አጋልጦ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው። ያ መኪና በገበያ ቀን ቡናና ዝንጅብል ይጭናል፤ በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ የልጆችን የትምህርት ቤት ወጪ ይሸፍናል። እንዲህ ያለው መኪና ሲሰረቅ የሚጠፋው ብረት ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ድካም ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። የመሪ መቆለፊያ፣ ማለትም ቁልፉ ሲወጣ መሪውን የሚይዘው ብረት፣ በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲሱም በአሮጌውም መኪና ላይ እንዲገጠም በሕግ ታዘዘ። በዚህም ምክንያት የመኪና ስርቆት በጉልህ ቀነሰ። በእንግሊዝ አገር ግን ከ1971 ጀምሮ መቆለፊያው የተገጠመው በአዲስ መኪናዎች ላይ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲመረምሩ፣ ከአዲሶቹ ላይ የሚፈጸመው ስርቆት ቢቀንስም ሌቦቹ ፊታቸውን መቆለፊያ ወደሌላቸው አሮጌ መኪናዎች እንዳዞሩ ተገነዘቡ። ሌባ ሥራውን አልተወም፤ የሚቀለውን መረጠ እንጂ።

ይኸው ነገር በኋለኛው ዘመን ተደገመ። ትክክለኛውን ቁልፍ በኤሌክትሮኒክ ምልክት ካላወቀ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያደርገው መሣሪያ በእንግሊዝ አገር ከጥቅምት 1998፣ በአውስትራሊያ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ለአዲስ መኪናዎች ግዴታ ሆነ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎች፣ ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ አሮጌው ላንድክሩዘርና አሮጌው ሃይስ ይህ መሣሪያ የላቸውም። እንግዲህ «ማን ይሰርቀዋል?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ የአዲሱ መኪና በር የተዘጋበት ሌባ ይሰርቀዋል።

ነገር ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አልተናገርሁም። አሮጌ መኪና ቀላል በመሆኑ በቀላሉ እንደሚሰረቅ ሁሉ፣ ቀላል በመሆኑ በትንሽ ወጪ ሊጠበቅ ይችላል። ሌባ ከሁሉ አስበልጦ የሚፈራው መዘግየትን ነው። ስለዚህ የምንሠራው ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፤ በቅጽበት ያልቅ የነበረውን ሥራ ማርዘምና ማስቸገር።

በመጀመሪያ ስለ ቁልፍ እንነጋገር። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለ ቁልፍ ጥርሱ ይላጫል፤ የቁልፉ ቤትም በውስጡ ይበላል። በዚህም የተነሣ የሌላ መኪና ቁልፍ ገብቶ ሊከፍተው ይችላል። ከዚህም በላይ መኪናው በስንት ባለቤት እጅ እንዳለፈ፣ ስንት ትርፍ ቁልፍ እንደ ተቀረጸለት የሚያውቅ የለም። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ዘይት ከመለወጡ በፊት የበሩንና የሞተር ማስነሻውን የቁልፍ ቤት ቢለውጥ ወይም ቢያሳድስ መልካም ነው። የመሪው መቆለፊያም መሥራቱን ይመርምር፤ ተሰብሮ ወይም በቀድሞ ጠጋኝ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። በበሩ ጥግ ያለችው ትንሿ ባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋትም መያዣዋ ካረጀ ለእጅ መንገድ ስለምትሆን ትጠገን።

ሁለተኛው ሞተሩ እንዳይነሣ ማድረግ ነው። በቤንዚን የሚሠራ አሮጌ ሞተር ካንዴላው እሳት እንዲያገኝ ከቁልፉ ወደ ኮይሉ፣ ቦቢና ወደምንለው፣ የሚሄደው ሽቦ ኃይል ማግኘት አለበት። በዚህ መሥመር ላይ ከዓይን የተሰወረ ማጥፊያ ቢገጠም፣ በሩን የከፈተ ሌባ ሞቶሪኖው እየዞረ ሞተሩ እንቢ ይለዋል። መኪናው ለብዙ ቀን የሚቆም ከሆነ ደግሞ በዲስትሪቢውተሩ ክዳን ሥር ያለችውን ሮተር አውጥቶ ወደ ቤት መያዝ ከሁሉ ይበልጣል። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 የጀርመን ጦር ይወርረናል ብለው የሰጉት እንግሊዞች፣ ትተውት የሚሄዱት መኪና ሁሉ እንዳይነሣ እንዲደረግ ባዘዙ ጊዜ ብዙ ሰው ይህችኑ ሮተር በኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር።

በናፍጣ የሚሠራው ግን የተለየ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቃጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ የባትሪውን ሽቦ መንቀል ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል፤ ሞተሩ በኬብል እየተሳበ የሚጠፋ ዓይነት ከሆነ ያለ ባትሪም በግፊያ ይነሣል። የፓምፑን ነዳጅ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ያለው ከሆነ ስውሩ ማጥፊያ በዚያ ሽቦ ላይ ይግባ። በኬብል የሚጠፋ ከሆነ ኬብሉ ከተሳበ በኋላ የሚቆለፍበት ብልሃት ይበጅለት።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስውር ማጥፊያ በግድ የለሽነት ከተሠራ ከሌባው የባሰ ጠላት ይሆናል። የሽቦው ውፍረት ከቀድሞው አይነስ፤ መጋጠሚያው በሚገባ ይታሰር፤ ከሚሞቅና ከሚፋተግ ብረት ይራቅ። በዳገትና በቁልቁለት መንገዳችን ላይ፣ ጭነት በሞላበት መኪና ሞተር ድንገት ቢጠፋ የሚከተለውን አደጋ መናገር አያስፈልገኝም። አሽከርካሪውም ቢሆን መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም ቁልፉን አይንቀል፤ ሌባ እንዲይዝ የተሠራው የመሪ መቆለፊያ ባለቤቱን ገደል ሊከትተው ይችላልና።

ሦስተኛው ለዓይን የሚታይ ጥበቃ ነው። በመሪው ላይ የሚታሰር ብረት ወይም መሪንና ፔዳልን አያይዞ የሚቆልፍ ሰንሰለት ሊቆረጥ ይችላል፤ ሆኖም ሌባው በመስተዋት ሲያየው ወደ ፊት እንዲያልፍ ያደርገዋል። የማቆሚያ ስፍራም እንዲሁ ነው። ባትሪው ወይም ሞቶሪኖው የደከመበት ባለቤት በማለዳ በግፊያ ለማስነሣት ሲል መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ያድራል። ለእርሱ የጠዋት መነሻ የሆነው ቁልቁለት ለሌባው የሌሊት መንገድ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ አንከባልሎ ይወስደዋል። ሞቶሪኖውን አሳድሶ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማውን ወደ ጎን አዙሮ ማቆም ይሻላል።

አራተኛው የመኪናው አካል ነው። ሙሉ መኪና ከመስረቅ ይልቅ ስፖኪዮ፣ መብራት፣ ባትሪ ወይም ስኮርታ ጎማ መንቀል ይቀላል። ስለዚህ የታርጋውን ቁጥር በመስተዋቶቹ፣ በስፖኪዮውና በመብራቱ ላይ ማስቀረጽ፣ ባትሪውን በሚቆለፍ ክፈፍ ማሰር፣ ኮፈኑን በውጭ በኩል በጓጉንቸር ማጠናከር ይጠቅማል። ቁጥር የተቀረጸበት ዕቃ ለመሸጥ ያስቸግራል፤ ለመሸጥ የሚያስቸግር ዕቃ ደግሞ ለመስረቅ አያጓጓም።

ወረቀትም ጥበቃ ነው። ሊብሬን በመኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ለሌባ የመሸጫ ሰነድ መስጠት ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ እንዲሁም የመኪናው ልዩ ምልክቶች፣ የተበየደው ቦታና የተለወጠው በር ሳይቀር፣ ተጽፈው ከፎቶግራፍ ጋር በቤት ይቀመጡ። ስለ መድንም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በመኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ነው እንጂ መኪናው ቢሰረቅ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ለስርቆት የተለየ ውል መግባት ያስፈልጋል። ይህንን ከስርቆቱ በኋላ መስማት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው ነው።

አሁን የመጣሁበትን ዋና ነገር ልናገር፤ ይህም የሚመለከተው እኛን፣ ባለ ሙያዎቹን ነው። የተሰረቀ ስፖኪዮ ወይም ካምቢዮ ሌባው ቤት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ተሽጦ፣ በአንድ ጋራዥ፣ በአንድ መካኒክ እጅ፣ በሌላ አሮጌ መኪና ላይ ይገጠማል። ደንበኛችን «ከየትም አምጣልኝ፣ ብቻ ይርከስ» ሲል፣ እኛም ሳንጠይቅ ስናመጣለት፣ የነገውን ስርቆት ዛሬ እናዝዛለን። ዛሬ በርካሽ የገጠምንለት ደንበኛ ነገ የራሱ ተነቅሎበት ይመጣል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል ሕጋችን፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996፣ የሚያስቀጣ ነው። ነገር ግን ሕግ ከመጥራቴ በፊት የሙያ ክብርን እጠራለሁ። የሰው ቁልፍ በእጃችን ያድራል፤ ስውር ማጥፊያውን የት እንደ ደበቅን የምናውቀው እኛ ነን። ይህን አደራ የተሸከመ ሰው ቁጥሩ የተፋቀ መስተዋት በፊቱ ሲቀርብ እጁን ሊሰበስብ ይገባዋል። ማኅበራችንም እያንዳንዱ አባል የገዛውን ያገለገለ ዕቃ ከማን፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደ ገዛ የሚመዘግብበት ደብተር እንዲይዝ ቢወስን፣ ከማንኛውም ሰንሰለት የሚበልጥ መቆለፊያ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

የምዕራብ ጀርመንና የእንግሊዝ ምሳሌ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው። ጥቂቶች ብቻ ሲቆልፉ ስርቆቱ ወደ ጎረቤት ይዛወራል፤ ሁሉም ሲቆልፍ ይቀንሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ቃል ልጨምር። መኪናው በተቆለፈ መጠን ሌባው ቁልፉን ከያዘው ሰው ዘንድ ሊመጣ ይችላል። ተሳፋሪ መስለው አሽከርካሪን ጭር ወዳለ ቦታ ወስደው ሕይወቱን ያጠፉ ወንበዴዎች በአገራችን ታይተዋል። መሣሪያ የተደገነበት ሰው ቁልፉን ይስጥ። በደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድም ገንዘቡን የላከው ወንድሙ እንዲኖርበት ነው እንጂ እንዲሞትለት አይደለም።

እንግዲህ «ይህን አሮጌ ማን ይሰርቀዋል?» የሚል ባለቤት ወደ ጋራዣችሁ ሲመጣ፣ ከእርሱ ጋር ስቃችሁ አትለፉ። ኮፈኑን ከፍታችሁ የሚሠራውን አሳዩት። ከዚያም ዕቃ ሲያስፈልገው ከየት እንዳመጣችሁት ሳትደብቁ ንገሩት።