በግና ፍየልን ከአውሬ ስለ መጠበቅ



በመንዝ ደጋ ውርጭ ገብሱን ሲመታው ቤተሰቡን ከችግር የሚያወጣው ያ ትንሽ ጠጉራም በግ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው፣ ደብተር የሚገዛው፣ የበዓል ወጪ የሚሸፈነው ከእሱ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት በግ ከነግልገሏ በአንድ ሌሊት የተበላችበት ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ቁጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ባልበላው አውሬ ላይ ነው፤ የበላው ደግሞ በማግሥቱ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው።

በጉ ሞቶ ሲገኝ ከሁሉ በፊት ቢላ አውጥቶ የአንገቱን ቆዳ መግፈፍ ያስፈልጋል። ጥርስ ባረፈበት ቦታ ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሮ፣ ሥጋው ጠቁሮ ከታየ በጉ የተነከሰው በሕይወቱ ሳለ ነው። ቆዳው ተበስቶ ሥጋው ደም ያልቋጠረበት ከሆነ ግን የገደለው እንደ በሽታ ወይም ብርድ ያለ ሌላ ነገር ነው፤ አውሬው የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው። ነብር ጉሮሮ አንቆ ይገድላል፤ የክራንቻዎቹ ቀዳዳ ጎልቶ ይታያል፣ የገደለውንም ወደ ጥሻ ወይም ወደ ዛፍ ይጎትታል። ጅብ አጥንቱንም ስለሚቆረጥም ብዙ ጊዜ የሚቀረው የተዘረገፈ ፈርስና የተበተነ ጠጉር ነው። ቀበሮ ግልገል ይመርጣል፣ ይዞም ይሄዳል። ብዙ በጎች ጭናቸውና ላታቸው ተቦጫጭቆ፣ ሳይበሉ እዚህም እዚያም ወድቀው ከተገኙ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባቸው የመንደሩ ውሾች ናቸው። ይህን ለመናገር የሚከብዳቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ውሻው የጎረቤት ነውና። ቢሆንም መነገር አለበት።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት መከላከያው እንደ አውሬው ስለሚለያይ ነው። ለነብር ጣራ፣ ለጅብ መሠረትና መዝጊያ፣ ለቀበሮ እረኛ ያስፈልጋል። ነብር ከላይ ዘሎ ይገባልና ጣራ የሌለው ጉረኖ፣ ግንቡ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ለእሱ ክፍት ነው። ጅብ ልል አፈር ካገኘ ከሥር ይምሳል፣ የላላ መዝጊያም ይገፋል። ብዙ አርቢ ግንቡን በድንጋይ አሳምሮ ይሠራና በሩን በጭራሮ ይዘጋዋል፤ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተትም ልብ አይለውም። እኔ ብጠየቅ ከግንቡ ይልቅ በሩ ላይ ገንዘብ ይውጣ እላለሁ። ጠንካራ ሳንቃ፣ ከውጭ ተገፍቶ የማይከፈት መቀርቀሪያ፣ ከሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይኑረው። አጥሩ ሌላም ሥራ አለበት፤ በጎች አውሬ ሸቷቸው ደንግጠው ሲጋፉ ፈርሶ ወደ ጨለማው እንዳይለቃቸው መቻል አለበት።

በኬንያ ላይኪፒያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አንበሳ፣ ነብርና ጅብ በሞሉበት አገር የትኛው አርቢ ብዙ እንስሳ እንደሚያጣ መርምሮ ነበር። በሚገባ የተሠራ በረት፣ የሚጠብቅ ውሻ፣ በአቅራቢያውም የሰው እንቅስቃሴ ያላቸው የሚደርስባቸው ጉዳት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህ አያቶቻችን ያውቁት የነበረ ነገር ነው። የኛ ችግር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው አጥሩን የምናጠብቀው ከተበላን በኋላ መሆኑ ነው።

ስለ ጅብ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኛ አገር በተለይ የሚስማማ ነውና። በትግራይ ተመራማሪዎች የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ጠጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ለዩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። በሁዳዴ ጾም እርድ ሲቆም፣ ለጅብ የሚደርሰው ቅንጥብጣቢና አጥንትም ሲቀር፣ በኩሱ ውስጥ የሚገኘው የአህያ ጠጉር ጨመረ። ጾሙ ሲፈታ መልሶ ቀነሰ። በ55ቱ ቀን ጅቡም ጓዳው ይጎድልበታልና ወደ በረታችን ፊቱን ያዞራል ማለት ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሁዳዴ ሳይገባ የበሩንና የአጥሩን ጥገና መጨረስ ይገባል። ሁለተኛው፣ የሞተ እንስሳ ከመንደር ዳር መጣል ጅብን እስከ ደጃፍ ድረስ መጥራት ስለሆነ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ያስፈልጋል።

የቀኑ ጥበቃ ከሌሊቱ ይልቅ ከባድ ነው። ቀድሞ በጉን የሚጠብቀው ልጅ ነበር፤ ወንጭፉን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ጉም ሲወርድ በጎቹን በድምፅ እየሰበሰበ ይውላል። አሁን ልጁ ትምህርት ቤት ነው፣ መሆንም አለበት። አንድ ግልገል ለማዳን ልጅ ከክፍል ይቅር ብሎ የሚመክር ሰው ካለ አልስማማም። ግን ልጁ የለቀቀውን ቦታ ማንም አልያዘውም፤ ቀበሮም የሚጠቀመው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። መፍትሔው በጋራ መጠበቅ ነው። ጎረቤታሞች በጎቻቸውን አቀላቅለው አዋቂ ሰው በተራ ይጠብቅ፣ ወይም አዋጥተው እረኛ ይቅጠሩ። ግልገሎች ጠንከር እስኪሉ ድረስም ቤት አጠገብ ይዋሉ። ይህን አያደርጉትም የሚለኝ ሰው በመንዝ ወደሚገኘው የጓሳ የሣር ምድር ይመልከት። መንዞች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ቄሮ በሚባል ሥርዓት የጓሳን ሣር ለዓመታት እየዘጉ በጋራ ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣር መጠበቅ የቻለ ማኅበረሰብ በግ መጠበቅ አያቅተውም።

እዚያው ጓሳ ላይ ስላለ አንድ አውሬም ብናገር እወዳለሁ፦ ስለ ቀይ ቀበሮ። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭም የለም። በባሌ ተራሮች የተደረገው ጥናት ምግቡ ከ90 በመቶ በላይ አይጥና ፍልፈል መሆኑን አሳይቷል። በጓሳ ደግሞ በጭላዳ መንጋ መሀል እየተዘዋወረ ሲያድን ከብቻው ይልቅ አብዝቶ እንደሚቀናው ተመራማሪዎች ታዝበዋል፤ የጭላዳ ግልገል በአጠገቡ እያለ እሱ የሚፈልገው አይጡን ነው። አልፎ አልፎ የበግ ግልገል አይነካም አልልም፤ ለጠፋው በግ ሁሉ ግን እሱን መክሰስ ግፍ ነው። ከሌላው ቀበሮ ለይቶ ማየትም አያስቸግርም። ደማቅ ቀይ መልክ፣ ነጭ ጉሮሮና ደረት፣ ረዥም ቅልጥም፣ ጫፉ የጠቆረ ጅራት አለው።

በበድን ላይ መርዝ የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ሁሉ ልዩነት ያጠፉታል። መርዝ ነብሩን ከቀይ ቀበሮው አይለይም፤ ጥንብ አንሣውንና የራሳችንን ውሻ ይጨርሳል፣ ሕፃናት በሚውሉበት መስክ ላይም ይቀራል። ጥንብ አንሣ ባለቀበት አገር በድኑን የሚያነሣው ጅብና ባለቤት የሌለው ውሻ ነው፤ ሁለቱም ይበዛሉ፣ ሁለቱም በጋችንን ይበላሉ።

በመጨረሻ ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የምጠይቀው አለኝ። የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የሚሻገረውም ከእረኞች ውሾች ነው። ያው በሽታ ሰውን ይገድላል፣ ከብቱንም በጉንም ይገድላል። ውሻ ለጥበቃ ያስፈልገናልና ይኑር፤ ነገር ግን የታወቀ ባለቤት ይኑረው፣ ቤቱ ይብላ፣ ማታ ከጉረኖው አጠገብ ይደር፣ በየዓመቱም ይከተብ። የበጎች ክትባት ለመስጠት ወደ መንደር ስትወጡ የውሻውንም ክትባት በዚያው ሳጥን ይዛችሁ ውጡ። አርቢው በጎቹን ይዞ ሲመጣ ውሻውን በገመድ አስሮ አብሮ እንዲያመጣም ቀደም ብላችሁ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ በዕድርም አስነግሩ።