ቋንቋውን ሳንሰማ እንዴት ይመነን?

(ባለፈው እሑድ አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ የአንባቢያን ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በባህሎች መካከል መተማመንን መገንባት» የሚል ነው። እውነቱን ልናገርና ወርክሾፕ ወርክሾፕ ይሸታል። አበል ያለው ይመስላል። ስለዚህ ወደ መሬት ላውርደው። ጎረቤታችን እንዲያምነን ስንፈልግ በማን ቋንቋ ነው የምናናግረው? በእኛ ወይስ በእሱ?

ሻይ ቤት ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ የሚሰማ አንድ መልስ አለ። «ሁላችንም አንድ ቋንቋ ብቻ ብንናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ» ይባላል። የተማረውም ይለዋል። እስቲ ሩዋንዳን እንይ። ሁቱውም ቱትሲውም የሚናገረው ኪንያርዋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ሕዝቡን ለጭፍጨፋ ሲቀሰቅስ የነበረው ሬዲዮም የተናገረው በዚሁ ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ነበር። ጎረቤታችን ሶማሊያስ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያን ሁሉ መከራ ያየችው መግባቢያ ቋንቋ አጥታ ነው እንዴ? አንድ ቋንቋ መናገር ብቻውን ማንንም አላስታረቀም።

አሁን ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት ለምን ነበር? የነጮቹ መንግሥት ትምህርት በአፍሪካንስ ይሰጥ ብሎ ስላዘዘ ነው። ፖሊስ ልጆቹ ላይ ተኮሰ፤ ብዙ ሕፃናት ሞቱ። ለጥቁሩ ሕዝብ አፍሪካንስ የጨቋኝ ቋንቋ ነበር። ኔልሰን ማንዴላ ደግሞ ያንኑ ቋንቋ እስር ቤት ቁጭ ብለው አጠኑት! ጠባቂዎቻቸውን አናገሩበት። ከ27 ዓመት እስር ወጥተው ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ኦራኒያ ወደምትባለው የአፍሪካነር ነጮች ብቻ መንደር ሄዱ። የአፓርታይድ መሐንዲስ የሚባለው የሄንድሪክ ፈርቮርድ ሚስት፣ ከ90 ዓመት በላይ የሆናቸው አሮጊት፣ እዚያ ይኖሩ ነበር። ሻይ ጠጡ። ከዚያ አሮጊቷ በጋዜጠኞች ፊት የጻፉትን ለማንበብ ሲቸገሩ ማንዴላ አጠገባቸው ቆመው በአፍሪካንስ እያቀበሉ አስነበቧቸው። ልብ በሉልኝ፣ ጽሑፉ ማንዴላን የሚያወድስ አልነበረም። አሮጊቷ የሚጠይቁት ለአፍሪካነሮች የተለየ ግዛት እንዲሰጥ ነበር። ሰውየው የማይስማሙበትን ሐሳብ በባለቤቱ ቋንቋ እንዲነበብ አገዙ። እኔ መተማመን የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ወደ ቤታችን እንመለስ።

እኛ አዲስ አበቤዎች ከኦሮሞው ጎረቤታችን ጋር «እንግባባለን» እንላለን። አዎ፣ እንግባባለን፤ በእሱ ድካም ነው እንጂ። አማርኛውን የተማረው እሱ ነው። ቃሉን ሲስት የሳቅንበት ደግሞ እኛ ነን። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሡ ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ሲደነግግ ሌላው አልተጠየቀም። «በሪሳ» የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ እንኳ የወጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት አፍ መፍቻው ኦሮምኛ የሆነው ሕዝብ ከመቶ 33 በላይ ነው። እኛ ስንት ቃል ነው የምናውቀው? «አካም» እና የገበያ ቁጥር!

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘገባ አንድ ችሎት ገብቼ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ የኦሮሞ እናት የይዞታ ክርክር አለባቸው። አማርኛ አይችሉም። ተነሥተው ረጅም ጊዜ ተናገሩ። ባላቸው መቼ እንደሞተ፣ ባሕር ዛፉን ማን እንደተከለ፣ በእጃቸው እያሳዩ ነው የሚያወሩት። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ይዞታው የእኔ ነው ትላለች» አለ። አለቀ።

«ይላሉ» እንኳ አላላቸውም። የእናትዬዋ ዕድሜም ሐዘንም ተውጦ ቀረ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡና «ይህን ሁሉ ተናግረው ይህቺን ብቻ ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞር ብለው በተሰባበረ ኦሮምኛ «ሀርሜ፣ ሱታ» አሏቸው። እናቴ፣ ቀስ ይበሉ እንደማለት ነው። ሴትዮዋ ፊታቸውን ከአስተርጓሚው አንሥተው ወደ ዳኛዋ አዞሩና እንደ አዲስ ጀመሩ። አስተርጓሚውም አሁን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር መተርጎም ግድ ሆነበት። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። እናትዬዋ ሲወጡ ለዳኛዋ እጅ ነሱ፤ ለአስተርጓሚው አልነሱም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ እንዲመደብለት መጠየቅ መብቱ ነው ይላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በ2012 ዓ.ም. ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ፖሊሲ አጽድቋል። ጥሩ ነው። እስቲ አንድ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ሄዶ በአፋርኛ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

ባለሥልጣኖቻችን ስለ ቋንቋ የሚያውቁት ሁለት ነገር ነው፤ አጥር ማድረግና ትእዛዝ ማድረግ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ መዝሙር ይዘመር፣ ባንዲራዋ ይሰቀል በመባሉ የተነሣውን ረብሻ ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን የተጎዳው ማነው? ኦሮምኛ ራሱ ነው። ጎረቤቱን ለማናገር ሊማረው የሚችል ልጅ ቋንቋውን ከግርግርና ከፖሊስ ጋር አያይዞ ቤቱ ገባ። የሶዌቶው ጥፋት ይኸው ነበር። «አማርኛ ሲጫን ዝም ብላችሁ አሁን ታለቅሳላችሁ» የሚለኝ ወንድሜ እውነት አለው። ግን የትናንቱ ግፊያ የዛሬውን ግፊያ ትክክል አያደርገውም፤ የዛሬው ግፊያም የትናንቱን አያጥበውም።

አማርኛ እኮ ከኦሮምኛ የወሰደው ቀላል ቃል አይደለም። «ጉዲፈቻ» የኦሮሞ ቃል ነው። ሳይወልዱ ልጅን የራስ ማድረግ ማለት ነው። የቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ቃሉን የወሰድነው ማንም አዝዞን ሳይሆን ነገሩን አይተን፣ ወደነው ነው።

እንግዲህ ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ጥያቄ መቀበል አለብኝ። ሰብሳቢውን ፈቃድ ጠይቄ ተስማምተዋል፤ በኦሮምኛ መጠየቅ የምትፈልጉ በኦሮምኛ ጠይቁ። ቀስ ብላችሁ ብቻ። እኔ ያመለጠኝን አጠገቤ ያለው ወንድሜ ይነግረኛል፤ ሳያሳጥር እንዲነግረኝም ከወዲሁ ተስማምተናል። እዚያ ጥግ እጅ ያወጡት አባት፣ እርስዎ ይጀምሩ።