ስለ ሯጭ ተማሪዎች የትምህርት ዕድልና ዝውውር
(በቡሬ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ደብዳቤ ለመናገር ነው። ባለፈው ዓመት፥ በሩጫ ጠንክሮ የወጣ አንድ የገጠር ጓደኛችን አሜሪካን አገር ካለ ኮሌጅ አሠልጣኝ የትምህርት ዕድል ደብዳቤ ደረሰው። አባቱ አንድ በሬ ሸጠው ለፓስፖርትና ለእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያ ሰጡት። እኛ ደብዳቤውን በዝግታ ያነበብነው ግን በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። በውስጡም የትምህርቱ ክፍያ ለአንድ ዓመት እንደሚሸፈን እንጂ፥ ስለ መኝታና ስለ ምግብ አንዲት ቃል አልነበረበትም። አሠልጣኙ አታለለ አንልም፤ ያሰበውን ጽፏል። ሳናነብ እልል ያልነው እኛ ነን።

ስለዚህ ደንቡን መመርመር ጀመርን። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ አገር የኮሌጆችን ስፖርት የሚያስተዳድረው ትልቁ ማኅበር ኤን ሲ ኤ ኤ ይባላል፤ የተመሠረተውም በ1906 ነው። አባሎቹ በሦስት ደረጃ የተከፈሉ ሲሆኑ፥ በሦስተኛው ደረጃ ያሉት ኮሌጆች በስፖርት ችሎታ ብቻ ገንዘብ አይሰጡም። በአንደኛው ደረጃም ቢሆን እስከ 2025 ድረስ አንድ ኮሌጅ ለወንዶች አትሌቲክስ የሚሰጠው ከ12.6 ሙሉ ዕድል እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ይህም ለሯጩም፥ ለዘላዩም፥ ለወርዋሪውም ተሸንሽኖ የሚታደል ነው። እንግዲህ «ስኮላርሺፕ አገኘሁ» የሚል ሰው ያገኘው ሩቡን ይሁን ግማሹን ሳይጠየቅ ደስ ሊለን አይገባም ነበር። በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ይህን ወሰን ለተቀበሉት ኮሌጆች አንሥቶ፥ በምትኩ የቡድኑን አባሎች ቍጥር ወሰነ። ኮሌጁ ከፈለገ ለሁሉም ሙሉ መስጠት ይችላል፤ መቻልና መስጠት ግን የተለያዩ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ያነጋገረን የዕድሜ ነገር ነው። መላኩ በያን ሕክምና ተምረው በ1935 የተመረቁበት የዋሽንግተኑ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1971 የኮሌጆችን የእግር ኳስ ሻምፒዮና አሸነፈ። በቡድኑ ውስጥ ከአፍሪካና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ማኅበሩም በ1973 ተጫዋቾቹ ደንብ አላሟሉም ብሎ ዋንጫውን ነጠቀ። ከደንቦቹ አንዱ የውጭ አገር ተማሪ 19 ዓመት ከሞላው በኋላ በአገሩ የተወዳደረበትን እያንዳንዱን ዓመት ከኮሌጅ የመጫወቻ ዘመኑ ላይ የሚቀንስ ነበር። ሀዋርድ ከሰሰ፤ በ1975 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህ ደንብ የውጭውን ተማሪ ከአገሬው ለይቶ የሚበድል ነው ሲል ውድቅ አደረገው፤ ሌሎቹን ደንቦች ግን ስላጸናቸው ዋንጫው አልተመለሰም። ሀዋርድ ግን ፍርዱን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ በ1974 ያንኑ ሻምፒዮና እንደገና አሸንፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ለሁሉም እኩል እንዲሠራ ተደርጎ ቢጻፍም፥ ዓመት መቍጠሩ አልቀረም።

ይህ ነገር ለእኛ ለምን ይከብዳል? በእኛ ገጠር ልጅ በሬና በግ ሲጠብቅ ቆይቶ ዘግይቶ ትምህርት ቤት ይገባል፤ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ሃያን ያለፈ ብዙ ነው። በዚያ መካከል አንድ ክለብ ደመወዝ አስቦ ያስፈርመዋል። የአገራችን ሯጭ ያደገው በጦር ሠራዊት፥ በፖሊስና በባንክ ክለቦች ነው፤ ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ ግን በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ክለብ መግባት ነውር አይደለም፤ ብዙ ቤት አቅንቷል። ነገር ግን የክለብ ፊርማ የኮሌጁን በር ሊያጠብ እንደሚችል ለልጁ ሳይፈርም በፊት የነገረው ሰው አላየንም።

ስለ ዝውውር ባጭሩ እንናገር። ቀድሞ ኮሌጅ የቀየረ አትሌት በአንዳንድ ስፖርቶች አንድ ዓመት ሳይወዳደር ይቀመጥ ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት እንዲዛወር፥ ከሚያዝያ 2024 ወዲህም ትምህርቱን በሚገባ እስከያዘ ድረስ በፈለገው ጊዜ እንዲዛወር ተፈቀደ። ይሁን እንጂ በተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው የአሠልጣኝ ፈቃድ ብቻ አይበቃውም፤ አዲሱ ኮሌጅ የስደተኞች ጉዳይ ወረቀቱን እንደገና ሊያወጣለት ይገባል። ከዝውውሩ በኋላ የቀድሞው ኮሌጅ ገንዘብ እንደማይከተለውም ማወቅ አለበት። እዚህ አገር ቤት ደግሞ ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ «ጥሩ አሠልጣኝ ያለው እዚያ ነው» ብሎ ዝውውር የጠየቀ ሯጭ ምን መልስ እንደሚያገኝ መምህራኖቻችን ያውቁታል!

ማኅበራችን የሚያሳስበው ትልቅ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ከመልሱ በፊት ለማኅበሩ ያሳየን፤ ሁለት የእንግሊዝኛ መምህራን አብረውን ሊያነቡ ፈቅደዋል። ስንት እጅ ነው? ለስንት ዓመት ነው? ብጐዳስ ይቋረጣል? እነዚህ በጽሑፍ ይጠየቁ። የውድድርና የሽልማት ደረሰኝም አይጣል፤ የተወዳደረበት ቀን የሚቈጠረው በእሱ ነውና።

ጓደኛችን ስለ መኝታውና ስለ ምግቡ ለአሠልጣኙ ጽፏል። መልሱ እስካሁን አልመጣም፤ ጧት ጧት ግን በፍኖተ ሰላም መንገድ እየሮጠ ነው።