ሞርሴቶው ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት

በረዶው ሳይጀምር ስለ መኪናችን ባትሪ እንድንነጋገር የፈለግሁት ባለፈው ጥር ባጋጠመኝ ነገር ነው።

አንዲት እህታችን የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ መኪናዋ «ጠቅ» ከማለት በቀር አልነሣም አላት። አዲስ ባትሪ ካስገጠመች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ደርሼ ኮፈኑን ከፈትሁ። የፖዘቲቩን ሞርሴቶ፣ ማለትም ገመዱን ከባትሪው ምሰሶ ጋር የሚያስረውን ማሰሪያ፣ በእጄ ብነካው ዞረ። ፈትቼ ውስጡን ሳየው እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል፤ ከውጭ ደግሞ ነጭና ሰማያዊ ዱቄት ለብሷል። ባትሪው ሲቀየር አሮጌው ሞርሴቶ ሳይጸዳ ነው የታሰረው። በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ አጥብቄ ብገጥመው መኪናዋ ወዲያው ተነሣች። ያቺ እህት ለባትሪ ያወጣችው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሣ ከባትሪው 150፣ 200 አምፔር ይስባል። መገጣጠሚያው ላይ 0.01 ኦም ብቻ እንቅፋት ቢኖር፣ በ200 አምፔር 2 ቮልት እዚያው ይቀራል። ከ12 ቮልት ላይ 2 ሲጎድል፣ በዚያ ላይ ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ሲቀንሰው፣ ሞተሪኖው በምን አቅሙ ይዞራል?

ዱቄቱ የሚመጣው ከባትሪው ውስጥ ነው። ባትሪው ሲሞላ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙም የሰልፈሪክ አሲድ እንፋሎት ይዞ ይወጣል። በምሰሶው ሥር በተሰነጠቀ ቦታም አሲዱ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። እርሳሱን ሲያገኝ ነጭ፣ መዳቡን ሲያገኝ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሆናል። አጽድታችሁት ቶሎ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ዲናሞውን አስለኩ። ሞተሩ እየሠራ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.7 እስከ 14.7 ቮልት መሆን አለበት፤ ከ15 ካለፈ ባትሪውን እያፈላው ነው። ዱቄቱን ብቻ እየጠረጉ መንዳት የታመመን ሰው ላቡን ጠርጎ እንደመተው ነው።

አገር ቤት ፍል ውኃ ወይም ኮካ ማፍሰስ ለምደናል። ዱቄቱ ይሄዳል፤ ግን በምሰሶውና በሞርሴቶው መካከል ያለው ጥቁር ቅርፊት አይነካም። ኮካ ራሱ አሲድ አለው፣ ስኳሩም ይቀራል።

ይልቅ ሞተሩን አጥፉ፤ መነጽርና ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ። ይህን ቅደም ተከተል አደራ! ኔጌቲቩ ሳይፈታ የፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጂን ደግሞ ይፈነዳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ ቀቡት፤ አረፋው ሲቆም አሲዱ ኃይሉን አጥቷል ማለት ነው። ባትሪው ክዳን ካለው ሶዳው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ጥብቅ ይበል። በንጹህ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት፤ እርሳሱ እስኪያብረቀርቅ ፈትጉት። ስትመልሱ ፖዘቲቩ ይቀድማል። በእጅ ሲያዞሩት የማይዞር ይሁን፤ ግን እርሳስ ለስላሳ ነውና አታስጨንቁት። ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ከላይ ቀቡት፤ አየርና እርጥበት ይከለክላል።

ዱቄቱ እርሳስ ስላለው መርዝ ነው። እፍ አትበሉት፤ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ፤ ልጆችም አይቅረቡ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በውኃ እያጠቡ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

በፕሪየስ ታክሲ የምትሠሩ ወንድሞች፣ በብዙዎቹ ላይ የ12 ቮልቱ ባትሪ ያለው ከኋላ ነው። ብርቱካናማውን ገመድ ግን እንዳትነኩ፤ እሱ የትልቁ ባትሪ ነው፣ ሰው ይገድላል።

ቡናው እስኪፈላ መኪናዬ በር ላይ ኮፈኗ ተከፍቶ ትጠብቀናለች። ብሩሹንም ጓንቱንም ይዣለሁ፤ የራሳችሁን ማየት የምትፈልጉ አጠገቧ አምጥታችሁ አቁሙ።