ስለ የካቲት ነፋስ ጥቂት ቃል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ትምህርት ጥቅም የሚናገሩ ሌሎች ተመርጠዋልና ለእኔ የተረፈልኝ ርእስ ነፋስ ነው። ርእሱን የሰጡኝ መምህር፣ «ስለዚህ ነገር ለመናገር ብዙ መጻሕፍት ማገላበጥ አያሻም፤ በወልድያ አንድ የካቲት ማሳለፍ ይበቃል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከመርሳ መጥቼ በዚህ ከተማ አራት የካቲት ስላሳለፍሁ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ሊቅ ነኝ ብዬ ብቀርብ የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ነፋሱ የሚሠራውን፣ እናንተው የምታውቁትን፣ ላስታውሳችሁ። የካቲት በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ጸጥ ብሎ የነጋው ቀን ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ጠባዩ ይለወጣል። መጀመሪያ በመንገዱ ዳር የተኛው አቧራ ይነሣል፤ ወረቀትና ገለባ ይከተለዋል፤ ከዚያም የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ ባርኔጣ ይመጣል። አንዲት እናት አንድ እጇ ለነጠላዋ፣ አንድ እጇ ለጃንጥላዋ ሲሆን፣ ሰላምታ የምትሰጥበት ሦስተኛ እጅ ስለሌላት በዓይኗ ብቻ ሰላም ብላ ታልፋለች። በዚህ ምክንያት በየካቲት ወር የሚቀያየሙ ጎረቤቶች ሳይኖሩ አይቀሩም። በኳስ ሜዳችንም ወደ ምሥራቅ የተመታ ኳስ ተመልሶ ወደ መቺው ይመጣል፤ አንድ በረኛ ራሱ የለጋውን ኳስ ራሱ ከጎሉ ውስጥ ሲያወጣ በዓይናችን አይተናል። በአንድ ጠላ ቤት ደጃፍ በእንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ የነበረው ጣሳም ነፋስ ወስዶት በአንድ ቁጡ ሰው ደጃፍ ላይ ቢያቆመው፣ እንግዶች የሰውየውን በር ሲያንኳኩ አመሹ ይባላል። (ወላጆቼ ይህን ከየት ሰማህ ብለው እንዳይጠይቁኝ እለምናለሁ፤ ወሬውንም ያመጣው ነፋስ ነው።)

በቀትር እየተሽከረከረ የሚመጣውን ዐውሎ ነፋስ ግን አያቴ በሳቅ አይመለከቱትም። ጋኔን ይሄድበታል ብለው ያማትባሉ። የሳይንስ መምህራችን ደግሞ መሬቱ አብዝቶ ሲሞቅ አየሩ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ነው ብለው አስተምረውናል። እኔ ሁለቱንም ስለማከብር፣ ዐውሎ ነፋሱ ሲመጣ መጀመሪያ አማትባለሁ፤ ካለፈ በኋላ ምክንያቱን አስታውሳለሁ።

በባሕር ላይ ለሚጓዙ ሰዎች ነፋስ የሳቅ ነገር አልነበረምና፣ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያገለግል የነበረ ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለ መኮንን በ1805 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ0 እስከ 12 የሚቈጠር የነፋስ መለኪያ አወጣ። የመለኪያው ብልሃት መሣሪያ አለመፈለጉ ነው። መርከበኛው ነፋሱ ሸራውን ምን እንደሚያደርገው ተመልክቶ ቍጥሩን ይጽፋል። ኋላም መለኪያው ለየብስ እንዲስማማ ሆኖ ተዘጋጀ፤ በ0 ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በ6 ትልልቅ ቅርንጫፎች ይወዛወዛሉ፣ ጃንጥላ መያዝም ያስቸግራል፤ በ9 የቤት ክዳን መጎዳት ይጀምራል። እኛ መርከብም ሸራም ስለሌለን የክፍሌ ጓደኞች በነጠላና በቆርቆሮ የሚለካ የወልድያ መለኪያ አውጥተዋል። የነጠላ ጥለት ሲነቃነቅ 1 ነው። የጠመኔው ብናኝ በፊት ወንበር በተቀመጡት ላይ ሲበተን 3 ነው። ባሕር ዛፎቹ ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሡ 5 ነው። የክፍሉ ቆርቆሮ መጮኽ ጀምሮ የመምህሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እየታየ ድምፃቸው የማይሰማ ሲሆን 7 ይባላል፤ ይህም ደረጃ በአንዳንድ ተማሪዎች ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። 8ኛው የሒሳብ ፈተና ወረቀት በመስኮት የሚወጣበት ሲሆን እስካሁን አልደረሰም፤ ተስፋ ግን አልቈረጥንም።

ነፋሱ ከተማችንን የመረጠበት ምክንያት አለው። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በተራራው ወገብ ተቀምጣለች። በስተ ምዕራብ የጎንደሩን መንገድ ይዛችሁ ብትወጡ ድልብን አልፋችሁ ጋሸና ስትደርሱ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በስተ ምሥራቅ ደግሞ መሬቱ ወደ ሀብሩና ወደ ቆቦ ሜዳ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ፀሐይ ስትበረታ ተዳፋቱ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ስለሚቀልል ወደ ላይ ይወጣል፤ የቆላውም አየር የተለቀቀውን ስፍራ ሊይዝ ተከትሎ ይመጣል። ማታ ደጋው ቶሎ ይቀዘቅዝና ከባዱ አየር ወደ ታች ይመለሳል። እንግዲህ ወልድያ ቀን ለወጪው፣ ሌሊት ለወራጁ በር ከፋች ሆና ትኖራለች ማለት ነው። በር ከፋች ደግሞ ብርድ አያጣውም።

ዳሩ ግን ሰው ሁሉ በየካቲት የሚያጉረመርመው ነፋሱ ስለ በረታ ብቻ አይደለም። «ያለ ጊዜው መጣ» ይላል። አንድ ቀን ደመና ሆኖ ካፊያ ሲጥል፣ በማግሥቱ አቧራ ሲነሣ፣ በሠልስቱ ብርድ ሲመለስ፣ «ይህ ደግሞ የምን ወቅት ነው?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ከሦስት ስፍራ ፈልጌአለሁ።

ፊደል የቈጠርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ በክፍላችን ግድግዳ ላይ አራቱን የዓመት ክፍሎች የሚያሳይ ከውጭ አገር የመጣ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ፌብሩዋሪ በሚለው ቃል ሥር ቤቶቹ በበረዶ ተሸፍነው፣ ሕፃናቱም በሱፍ ተጠቅልለው ይታያሉ። እኛ የመርሳ ልጆች ላባችንን እየጠረግን ሥዕሉን ስንመለከት፣ እነዚያ ሕፃናት ምን በድለው እንዲህ እንደ ተቀጡ እንጠያየቅ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህራችንም እንግሊዞች ስለ ማርች ወር ሲናገሩ «እንደ አንበሳ ገብቶ እንደ በግ ይወጣል» እንደሚሉ ነግረውናል። የእኛ የካቲት ግን በአንድ ቀን ውስጥ ጠዋት በግ፣ ቀትር ላይ አንበሳ፣ ማታም እንደ ገና በግ ሆኖ ይውላል። ከዚህ ሥዕል መልስ አላገኘሁም።

ሁለተኛ ወደ አባቶች አቈጣጠር ሄድሁ። በዚህ አቈጣጠር ዓመቱ በመፀው፣ በበጋ፣ በፀደይና በክረምት ይከፈላል። በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። እንደዚህ ከሆነ የካቲት ሙሉ በሙሉ በበጋ ውስጥ ይውላልና ደመናው ጥፋተኛ ነው። ሦስተኛ ግን የአየር ጠባይ አጥኚዎችን ብንጠይቅ፣ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን በቻለ መሥሪያ ቤት የሚሠሩት የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የአገራችንን ዓመት በሦስት ብቻ ይከፍሉታል፤ በጋ፣ በልግና ክረምት ብለው። በልግ የሚባለውም ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ያለው ነው። የእኛ የካቲት የሚውለው ከፌብሩዋሪ 8 እስከ ማርች 9 ግድም ስለ ሆነ፣ በአንዱ አቈጣጠር በጋ የሆነው ወር በሌላው በልግ ነው። እንግዲህ ደመናው ጥፋተኛ የሚሆነው ዳኛው ማን እንደ ሆነ ታይቶ ነው።

አጥኚዎቹ እንደሚያስረዱት፣ በበጋ የሚነፍስብን ደረቅ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዐረብ ምድር በኩል የሚመጣ ነው። በልግን የሚያዘንበው ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ ነው። በየካቲት አንዱ ገና አልሄደም፤ ሌላው ገና አልገባም። ባርኔጣችንን የሚወስደው የሁለቱ ግብግብ ነው።

ይህን ግብግብ ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚኖር የደጋ ልጅ ነው። እኔ በየካቲት በሩን ለመዝጋት ስሮጥ እርሱ ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ ማታ፣ «ወንድሜ፣ በዚህ አቧራ ምን ታያለህ?» ብለው፣ «ነፋሱ ፊቱን አላዞረም» አለኝ። ሌላም ነገር አልጨመረ። እኔ የመሰለኝ ሰለ ብርዱ ነበር፤ በኋላ ሲያጫውተኝ ነው የገባኝ። በእነርሱ አገር ገብስና ምስር የሚዘራው በበልግ ነው፤ አዝመራው የሚሰበሰበውም በሰኔና በሐምሌ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። በከፍታው ላይ ክረምት ብርዱና ውርጩ፣ የውኃውም ብዛት እህሉን ስለሚያስቸግረው፣ የብዙ ቤተ ሰብ ዋና እንጀራ በልግ ነው። እርሱ በየሁለት ሳምንቱ ከቤቱ የሚያመጣው ስንቅ፣ ደብተሩና የቤት ኪራዩ ሁሉ በዚሁ በልግ ላይ ያለ ነው። ነፋሱ ፊቱን ካላዞረ በመስከረም ወደዚህ ትምህርት ቤት መመለሱ ያጠራጥራል ማለት ነው።

የእኛ የሀብሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህን ስል አባቴ እዚህ ተቀምጠው ይሰማሉና ብሳሳት ያርሙኛል። አባቴ በጥር በአውድማው ላይ ላይዳቸውን ይዘው ነፋስ ይለምናሉ፤ ነፋስ ከሌለ እህሉና ገለባው አይለይምና። ያን ጊዜ ነፋሱ የለም። በየካቲት ምርቱ ጎተራ ከገባ በኋላ ግን ሳይጠራ ይመጣና የማንጎውን አበባ ያረግፈዋል። ዝናብም እንዲሁ ነው። ያልተወቃ ክምር በሜዳ ላይ ሳለ የጣለ እንደ ሆነ እህሉን ያበላሻል፤ በሚያዝያ ከቀረ ደግሞ እንደ ደጋሊት ያለው ቆይቶ የሚደርስ ማሽላ አይዘራም። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ለማውጣት የደከሙት ስለዚህ ነው። እንግዲህ የደጋው ጓደኛዬ ቶሎ ና የሚለውን ዝናብ፣ ክምሩ ያልተነሣለት የቆላ ሰው ጥቂት ቆይ ይለዋል። ሁለቱም ጸሎታቸውን ወደ አንድ ሰማይ ይልካሉ፤ በሰማይ ያለው አድማጭ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚያስፈልገው አስቡት።

በልግ ጨርሶ የቀረ እንደ ሆነ ግን ደጋም ቆላም አንድ ይሆናሉ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ በልጉ ቀረ፤ ያን ተከትሎ የመጣውን ረኀብ ከእናንተ መካከል በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን አሉ። በ1976 ዓ.ም. እንደ ገና ቀረ፤ ክረምቱም ሳይበጅ ቀርቶ 1977 ሆነ። ስለዚያ ዓመት በአባቶቻችን ፊት እኔ የምናገረው የለኝም። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ደከመ፣ ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ተጨምሮበት ክረምቱም ጎደለ። እንዲህ ባለው ጊዜ በአገራችን ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፣ እስላሙም ዱዓ ያደርጋል፤ ዝናቡ ሲጥል ግን በማን ልመና እንደ ጣለ ተከራክሮ የተጣላ ጎረቤት አልሰማሁም።

ነፋሱም ቢሆን ዝናብ አላመጣም ተብሎ ሥራ ፈት ሆኖ መኖር የለበትም። ከእኛ በስተ ሰሜን፣ በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ፣ 84 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለው 120 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚችል ጣቢያ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር። በአዳማም እንዲህ ያለ ጣቢያ ተሠርቷል። የወልድያን ነፋስ ለክቶ ለዚህ ሥራ ይበቃል አይበቃም የሚል መሐንዲስ ከመካከላችን ይወጣ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ነፋሱ መብራት የሚሰጠን ሳይሆን ሽቦውን እያጋጨ የሚያጠፋብን ነው።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ለክቡራን መምህራን አንድ ልመና አለኝ፤ ጓደኛዬ አፍሮ ስለማይናገረው እኔ እናገርለታለሁ። ነፋሱ ፊቱን አዙሮ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በጣለ በማግሥቱ በክፍላችን አራት አምስት ወንበር ባዶ ይሆናል። ልጆቹ አልታመሙም፤ ሰንፈውም አይደለም። ሌሊቱን ተነሥተው አቀበቱን ይዘው ሊዘሩ ሄደው ነው፤ መሬቱ የያዘው እርጥበት ቅዳሜ እስኪደርስ አይጠብቃቸውምና። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጫማቸው ጭቃ እንደ ያዘ ይመለሳሉ። በዚያ ሳምንት ፈተና የተሰጠ እንደ ሆነ ዜሮ ተጽፎ ይቈያቸዋል። ስማቸው በቀሪዎች መዝገብ ላይ ከመጻፉ በፊት ማታ ዝናብ ጥሎ እንደ ሆነ እንዲጠየቅ፣ ፈተናውም በሌላ ቀን እንዲሰጣቸው በአክብሮት እለምናለሁ። ያመለጣቸውን ትምህርት ከደብተራችን እንዲገለብጡ ማዋስ የእኛ የቆላ ልጆች ፈንታ ነው። የእኔን ጽሑፍ ግን እኔም ራሴ በግድ ስለማነበው፣ ከሌላ ሰው ቢዋሱ ይሻላቸዋል።