ስለ ተማሮች ክበባት በዓዲ ሓቂ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



በሕገ ኦሪት ኢዮቤልዩ በሃምሳ ዓመት አንድ ጊዜ የሚከበር ዓመት ነበረ። ቀንደ መለከት በተነፋ ጊዜ በችግር ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይመለስ፥ ለባርነት የተሸጠውም ወደ ወገኑ ይገባ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የዝማሬና የደስታ ቀን ብቻ አይደለም፤ የጠፋውን ለባለቤቱ መመለሻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ርስቱ የተወሰደበት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

በዓዲ ሓቂና በመቐለ ከተማ ሁሉ ርስታቸው የተወሰደባቸው ልጆች ናቸው፤ ርስታቸውም ትምህርት ነው። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት ተማሪ ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ደግሞ ጦርነት ተነሣ። ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘረፉ፤ ብዙዎቹም ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ወገኖች ማደሪያ ሆኑ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ለብዙዎቹ ልጆች ትምህርት እንደ ገና የተጀመረው በዚያው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ ነው። በ13 ዓመቱ ደብተሩን ያስቀመጠ ልጅ በ16 ዓመቱ አነሣው። የጠፋውን ፊደልና ሒሳብ መምህሩ ሊተካለት ይችላል። ነገር ግን ከባልንጀራ ጋር መሥራትን፥ መመካከርን፥ መተማመንን በምን ይተካለታል?

ለዚህ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት የሚቋቋመው የተማሮች ክበብ ነው። በአገራችን ተማሪ ቤቶች የቀይ መስቀል፥ የአካባቢ ጥበቃ፥ የፀረ ኤድስ፥ የሴቶች፥ የሳይንስ፥ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፥ የሚኒ ሚዲያም ክበባት የታወቁ ናቸው። አንዱ ችግኝ ይተክላል፤ አንዱ ስለ በሽታ ያስተምራል፤ አንዱም በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ወሬና ግጥም ያሰማል።

ከአባቶች አንዳንዶቹ ይህ ነገር ጨዋታ ነው፥ ልጆችንም ከትምህርትና ከሰንበት ተማሪ ቤት ያስቀራል ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የቅኔን ቤት ሥርዓት ያስቡ። ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ቆጥሮ ብቻውን አይሸሽገውም፤ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ይነግረዋል፤ ቢስት ይታረማል፥ ቢሰምር ይመሰገናል። ሲጀምርም በመወድስ አይጀምርም፤ ከሁለቱ ቤት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ክበብም እንዲሁ ነው። ጥቂት ልጆች ትንሽ ሥራ ይዘው ይጀምራሉ፤ በሰው ፊት መናገርን፥ መታረምንም ይለምዳሉ።

ሥራን መከፋፈልም አዲስ ነገር አይደለም። ዮቶር ሙሴ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ ባየው ጊዜ የሺህ፥ የመቶ፥ የሃምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። ሐዋርያትም ለማዕድ አገልግሎት ሰባት ዲያቆናትን ሾሙ። በክበብም ሰብሳቢ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። ገንዘብ ያዡ ግን ብቻውን አይቍጠር፤ ከሐዋርያት መካከል ከረጢቱን የያዘው ማን እንደ ነበረ የታወቀ ነውና።

የቀይ መስቀል ክበብ ከየት እንደ መጣ ማወቅም ለዚህ አገር ልጅ ይጠቅመዋል። በ1859 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኢጣልያ አገር በሶልፌሪኖ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ሄንሪ ዱናንት የተባለ የጄኔቭ ሰው ለንግድ ጉዳይ ሲሄድ ቁስለኞቹ ወድቀው አየ፤ ከመንደሩ ሴቶች ጋርም የየትኛው ወገን ናችሁ ሳይል ረዳቸው። ማኅበሩ የተመሠረተው ከዚህ አሳብ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ ወዲያው በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ቁስለኞችን አገለገለ። ጦርነትን በዓይኑ ያየ ልጅ የወደቀውን ሰው ወገኑን ሳይጠይቅ ማንሣትን ቢማር ቂም በልቡ ሥር አይሰድም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ብዙ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል አንድ ተማሪ ቢቀር በመዝገቡ ላይ ቀሪ ተብሎ ይጻፋል፤ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ከክበቡ ቢቀር ግን ችግኙን የሚያጠጣ ይጠፋል፤ የሚያነበውም ወረቀት ሳይነበብ ይቀራል። ስለዚህ ባልንጀራው ወደ ቤቱ ሄዶ ምን ሆንህ ይለዋል። ከጦርነቱ ወዲህ በዕድሜው ከክፍሉ ልጆች በልጦ በማፈሩ ትምህርቱን የተወ አለ፤ በበረሃና በባሕር ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የተነሣም አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመንገድ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ምክር ብቻ አይደለም፤ የሚፈልገው ሰው መኖሩን ማወቁ ነው።

ነገር ግን ዓዲ ሓቂ ማለት በትግርኛ የእውነት አገር ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ስም በሚጠራ ስፍራ፥ ስሙ በግድግዳ ተለጥፎ ሥራው የማይታይ ክበብ ሊኖር አይገባም። ዐሥር ክበብ በወረቀት ከሚቋቋም ሁለት ክበብ በሥራ ይቁም። የመሰብሰቢያው ቀንና ሰዓት ይታወቅ፤ የተባለው ይጻፍ፤ የተሠራው ይቈጠር። ሴቶች ልጆችም ለመስተንግዶ ብቻ ሳይሆን ለሰብሳቢነት ይመረጡ።

ደብሩስ ምን ያድርግ? መጀመሪያ፥ የሰንበት ተማሪ ቤቱ ሰዓት ከክበቡ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ከመምህራኑ ጋር ይመካከር። ሁለተኛ፥ ተማሪ ቤቱ ስፍራ ባጣ ጊዜ አዳራሹን ያውስ። ሦስተኛ፥ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ዛፍ በአባቶች ጥበቃ ለዘመናት የኖረ ነውና፥ ሽማግሎች ዛፍን ማሳደግና መጠበቅ እንዴት እንደ ሆነ የአካባቢ ጥበቃውን ክበብ ልጆች ያስተምሩ። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የለበትም።

መለከቱ ተነፍቶ ርስቱ ያልተመለሰለት ሰው ካለ በዓሉ ገና አልተፈጸመም። ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ የሚመለስ ወላጅ ሁሉ ዛሬ ማታ ልጁን ከማን ጋር ምን እንደሚሠራ ይጠይቀው፤ ከማንም ጋር አልሠራም ቢለው ነገ ወደ ተማሪ ቤቱ ይሂድ።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሜን።